«እኛም የበደሉንን» ስል ድምፄ ይቆማል

ጥያቄ፦ «ቤይሩት በሰው ቤት 9 ዓመት ሠርቼ ያገኘሁትን ለታላቅ ወንድሜ እየላክሁ ኖሬአለሁ። በገንዘቡ ቤት ተገዛ፤ ‹አንቺ እዚህ ስለሌለሽ ለጊዜው በእኔ ስም ይሁን› አለኝና አመንሁት። ስመለስ ቤቱ የእርሱና የሚስቱ ሆኖ ጠበቀኝ። እኔ ዛሬ አንድ ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ። እናታችን ስታርፍ በቀብሯ ላይ እንኳ አልተነጋገርንም። አሁን የሙት ዓመቷ ሲቃረብ ሽማግሌዎች መጥተው ‹ወንድምሽ ይቅር በይኝ ብሏል፤ የሆነው ሆኗል፤ ለእናትሽ ነፍስ ስትይ ታረቂ› ይሉኛል። ስለ ቤቱ የሚያነሣ ግን የለም። የንስሐ አባቴም ‹ሳትታረቂ መቍረብ የለም› ብለውኛል። ቤቴ ሆኜ አባታችን ሆይ ስደግም ‹እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል› ከሚለው ስደርስ ድምፄ ይቆማል፤ እግዚአብሔርን መዋሸት ስለሚመስለኝ ዘልዬው አልፋለሁ። የባሰም አለ። በቅዱስ ሚካኤል ደጅ ተንበርክኬ ‹ፍርድህን አሳየኝ› ብዬ አልቅሼ ነበር፤ ከጥቂት ወራት በኋላ የወንድሜ የ7 ዓመት ልጅ በኩላሊት ሕመም ሆስፒታል ገባ። የእኔ እንባ ይሆን? ይቅር ካልሁስ ቤቴን ተውሁ ማለት ነው? ሙት ዓመቱ የሚወጣው በዚያው ቤት ነው፤ ልሂድ ወይስ ልቅር?» (ስሜ እንዳይጠቀስ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እኅቴ ሆይ፣ ጥያቄዎችሽን በጻፍሽበት ቅደም ተከተል ሳይሆን ያስጨንቁሻል ብዬ ባሰብሁት መጠን እመልሳለሁ፤ ስለዚህ ከልጁ እጀምራለሁ። የወንድምሽ ልጅ የታመመው በአንቺ እንባ አይደለም። በነቢዩ በሕዝቅኤል ዘመን የነበሩ ሰዎች ‹አባቶች ጨርቋ የወይን ፍሬ በሉ፤ የልጆችም ጥርሶች ጠረሱ› እያሉ ይተርቱ ነበር። እግዚአብሔር በነቢዩ አፍ፣ በ18ኛው ምዕራፍ፣ ይህን ተረት ከእንግዲህ እንዳይተርቱ ከለከላቸው፤ ልጅ የአባቱን ኃጢአት እንደማይሸከምም በግልጥ ተናገረ። ደቀ መዛሙርቱም ከመወለዱ ጀምሮ ዕውር የነበረውን ሰው አይተው ‹ማን በደለ፣ እርሱ ወይስ ወላጆቹ?› ብለው በጠየቁ ጊዜ ጌታችን እርሱም ወላጆቹም አለመበደላቸውን ነው የመለሰላቸው (ዮሐ. 9)። አባትን ለመቅጣት በ7 ዓመት ሕፃን ኩላሊት ላይ የሚዘምት አምላክ እኛ የምናመልከው አምላክ አይደለም። ያዕቆብና ዮሐንስ ጌታን አላሳድርም ባለች በአንዲት የሳምራውያን መንደር ላይ እሳት ከሰማይ እንዲወርድ በፈለጉ ጊዜ እርሱ ዘወር ብሎ የገሠጸው እነርሱን ነው፤ እሳቱም አልወረደም (ሉቃ. 9፥54-55)። በቍጣ የሚጸለይ ጸሎት ሁሉ እንደ ትእዛዝ እየተቈጠረ የሚፈጸም ቢሆን ኖሮ ከእኛ ከክርስቲያኖቹ ማን ይተርፍ ነበር? ቅዱስ ሚካኤልም የእግዚአብሔር መልእክተኛ ነው፤ የሚላከውም በላኪው ፈቃድ ነው፣ በእኛ ብስጭት አይደለም።

ይህን ስል ግን ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደሽ በማልቀስሽ እንድታፍሪ አልፈልግም። ከበደለሽ ሰው ጋር ለመዋጋት ወደ ጠንቋይ ደጅ አልሄድሽም፤ በወንድምሽ በር ላይ ድንጋይ አልወረወርሽም፤ አቤቱታሽን ሊሰማ ወደሚገባው አቀረብሽ። ዳዊትን የሚደግም ሰው፣ በግእዙ 108ኛ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ 109ኛ የሆነውን መዝሙር ሲያነብ፣ የተበደለ ሰው በእግዚአብሔር ፊት ምን ያህል መራራ ቃል እንዲናገር እንደተፈቀደለት ያያል። ቤተ ክርስቲያናችን ያን መዝሙር ከዳዊት ውስጥ አላወጣችውም፤ ሳምንቱን ሙሉ ዳዊት የሚደግሙ አባቶችና እናቶችም እየዘለሉት አያልፉም። ሐዋርያው ጳውሎስ ‹ራሳችሁ አትበቀሉ› ሲል በቀሉን ለእግዚአብሔር እንድንተው እንጂ በደሉን እንድንክድ አላዘዘም (ሮሜ 12፥19)። የአንቺ ጸሎት የጎደለው አንድ ነገር ቢኖር ፍርዱን ለእርሱ ከሰጠሽ በኋላ አፈጻጸሙን ለማየት መጠበቅሽ ነው። ‹አሳየኝ› የሚለውን ቃል ከጸሎትሽ ውስጥ አውጪው፤ የቀረው ይቆይ።

ለልጁ ደግሞ ጸልዪ። ይህን የምመክርሽ ጥፋትሽን እንድትክሺ ብዬ አይደለም፤ ልጁን ያሳመመ ጥፋት የለሽምና። መዝሙረኛው ጠላቶቹ በታመሙ ጊዜ ማቅ ለብሶ፣ በጾምም ነፍሱን አድክሞ እንደነበረ ይናገራል (መዝ. 35፥13፣ በግእዙ 34)። ልብ በዪ፣ በዚያው መዝሙር ውስጥ እነዚያው ሰዎች እንዲያፍሩና ወደ ኋላቸው እንዲመለሱ ይለምናል። ሁለቱ ልመናዎች በአንድ ሰው አፍ፣ በአንድ መዝሙር ውስጥ ተቀምጠዋል። አንቺም የሕፃኑን የክርስትና ስም የምታውቂ ከሆነ በየማታው በስሙ እየጠራሽ ጸልዪለት፤ ቅዳሴ ስትሄጂም ስሙን ለካህኑ ስጪ። ሕፃኑ ምንም አልበደለሽም፤ ስለዚህ በዚያ ቤት ውስጥ ካሉት ሁሉ ይልቅ ፍቅርን ለመስጠት የሚቀልሽ ለእርሱ ነው። ጠበል ወይም ማር ይዘሽ ሆስፒታል ለመሄድ ከደፈርሽ ሂጂ፤ ከአባቱ ጋር መነጋገር ባትችዪ እንኳ ልጁን መጠየቅ ትችያለሽ፣ ይህም በማንም ዘንድ ‹ታረቁ› ተብሎ አይቈጠርብሽም።

አሁን ወደ አባታችን ሆይ ልምጣ። ዘልለሽ የምታልፊው ቃል ሊዘለል የማይችል ቃል ነው። በማቴዎስ ወንጌል 6ኛ ምዕራፍ ጌታችን ጸሎቱን አስተምሮ ከጨረሰ በኋላ ተመልሶ ያብራራው አንዱን ልመና ብቻ ነው፤ ስለ እንጀራው፣ ስለ ፈተናው፣ ስለ መንግሥቱ የጨመረው ማብራሪያ የለም፣ ስለ ይቅርታ ግን ወዲያው በ14ኛውና በ15ኛው ቍጥር ደግሞ ተናገረ። ስለዚህ ‹የሚከብደኝን ልተወውና ሌላውን ልጸልይ› የሚለው መንገድ ዝግ ነው። ነገር ግን ቃሉን በመናገርሽ ዋሽተሻል ማለት አይደለም። አንቺ ያንን ቃል የምትሰሚው ይቅርታን ፈጽመው የጨረሱ ሰዎች ብቻ የሚፈርሙት መሐላ አድርገሽ ይመስለኛል። ቃሉ የተቀመጠው በጸሎት ውስጥ ነው፤ ጸሎት ደግሞ ያለንን ለመዘርዘር የምንጠቀምበት አይደለም፣ የሌለንን ለመለመን እንጂ። ልጁ ርኵስ መንፈስ ያደረበት አባት ‹አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው› ባለ ጊዜ ውሸታም ተብሎ አልተባረረም፤ ልጁ ዳነለት (ማር. 9፥24)። አንቺም ዛሬ ማታ በዚያ ቦታ ላይ ስትደርሺ ቁሚ፣ ካስፈለገሽም ጥቂት ዝም በይ፤ ከዚያም በተሰበረ ድምፅ ቢሆንም ተናገሪው። ከቃሉ ኋላ ‹አልቻልሁም፣ አስችለኝ› ብትዪበት ጸሎቱን አታበላሺውም።

ይህን ቃል የምትፈሪበት ሌላ ምክንያት እንዳለ ከደብዳቤሽ ይታየኛል። ይቅር ማለት ‹ምንም አልደረሰብኝም› ማለት መስሎሻል። ሽማግሌዎቹም ‹የሆነው ሆኗል› ሲሉሽ ይህንኑ ፍርሃትሽን አጠናክረውታል። እስኪ ሰው ሁሉ የሚጠቅሰውን የማቴዎስ ወንጌል 18ኛ ምዕራፍ ምሳሌ ቀረብ ብለን እንየው። አንዱ አገልጋይ ለንጉሡ እልፍ (10,000) መክሊት ዕዳ ነበረበት፤ ባልንጀራው ደግሞ ለእርሱ መቶ ዲናር። በስብከት ብዙ ጊዜ የምንሰማው እልፉ መክሊት ባሕር፣ መቶው ዲናር ጠብታ እንደ ሆነ ነው። ከእልፉ ጋር ሲነጻጸር እውነት ነው፤ አንድ መክሊት 6,000 ዲናር ያህል ነበርና እልፍ መክሊት 60 ሚሊዮን ዲናር ይሆናል። ነገር ግን በማቴዎስ 20 እንደምናነበው አንድ ዲናር የአንድ ሠራተኛ የቀን ደመወዝ ነበር። ስለዚህ መቶ ዲናር የመቶ ቀን ላብ ነው፤ ሰንበትን ቀንሰሽ ብትቈጥሪው ወደ አራት ወር የሚጠጋ ሥራ። ጌታችን ምሳሌውን ሲናገር በደሉን አንድ ሳንቲም አላደረገውም። የተበደልነው ነገር እውነተኛ ዋጋ እንዳለው፣ ቍጥርም እንዳለው ያውቃል። የአንቺን 9 ዓመት፣ በሰው ቤት ማለዳ የተነሣሽበትን፣ ታመሽ የሠራሽበትን፣ እናትሽን ሳታዪ ያሳለፍሽውን በዓል ሁሉ ‹ተይው ትንሽ ነገር ነው› አይልሽም። የሚልሽ ሌላ ነገር ነው፦ አንቺም በእግዚአብሔር ዘንድ ይቅር የተባልሽው ከዚህ ይበልጣል፤ ስለዚህ ባለ ዕዳሽን አንገቱን አንቀሽ አትያዢው።

በዚያ ምሳሌ ውስጥ ደግሞ ብዙ የማይነገርለት ነገር አለ። ባለ መቶ ዲናሩ ሰው በባልንጀራው እግር ላይ ወድቆ ‹ታገሠኝ፤ ሁሉንም እከፍልሃለሁ› ነው ያለው። ዕዳው እንዳለበት አምኗል፤ የለመነውም ጊዜ ነው። ያ ክፉ አገልጋይ የተኰነነው እንዲህ ያመነውንና የለመነውን ሰው ወኅኒ ስለ ጣለ ነው። ወንድምሽ በሽማግሌ አፍ የላከው ቃል ‹ይቅር በይኝ› የሚል ብቻ ነው፤ ስለ ምን እንደ ሆነ አልተነገረም፣ ‹እከፍላለሁ› የሚለውም ሆነ ‹ታገሺኝ› የሚለው የለበትም። በልቡ ምን እንዳለ እኔ አላውቅም፤ ምናልባት አፍሮ ይሆናል፤ የልጁ ሕመም አስደንግጦት፣ ገንዘብም አጥቶ ይሆናል። ነገር ግን ስሙ ያልተጠራ በደል ይቅርታ ሲለመንለት ተበዳዩ የሚይዘው ነገር ያጣል።

ሽማግሌዎቹ ‹ሰባ ጊዜ ሰባት› የሚለውን ጠቅሰውልሽ ከሆነ ከዚያው ምዕራፍ ከፍ ብለው 15ኛውን፣ 16ኛውንና 17ኛውን ቍጥር ማንበብ ነበረባቸው። በዚያ ጌታችን ወንድምህ ቢበድልህ ሄደህ ብቻህን በአንተና በእርሱ መካከል ውቀሰው ይላል፤ ባይሰማህ አንድ ወይም ሁለት ሰው ይዘህ፣ እነርሱንም ባይሰማ ለቤተ ክርስቲያን ንገር። የሰባ ጊዜ ሰባቱ ትእዛዝና የወቀሳው ሥርዓት በአንድ ምዕራፍ ውስጥ፣ በጥቂት መስመር ልዩነት ነው የተጻፉት። ሉቃስም በ17ኛው ምዕራፍ ሁለቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር አጣምሮ ‹ገሥጸው፤ ቢጸጸትም ይቅር በለው› ብሏል። ጥንታዊው የሐዋርያት ትምህርት መጽሐፍ ዲድስቅልያ ደግሞ ጳጳሱ በምእመናን መካከል የተነሣውን ክርክር ሰኞ ዕለት እንዲመለከት ያዝዛል፤ ይኸውም እስከ ሰንበት ባለው ጊዜ ነገሩ ተጣርቶ፣ ተከራካሪዎቹ ታርቀው ለቍርባን እንዲደርሱ ነው። የዕርቁና የቍርባኑ ቀን እሑድ ቢሆንም ነገሩ መሰማት የሚጀምረው ሰኞ ነበር። ወደ አንቺ የመጡት ሽማግሌዎች ሰኞን ትተው እሑድን ብቻ ይዘው መጥተዋል።

በዚህ ላይ የራሴን አስተያየት ልጨምርና፣ በአገራችን የሽምግልና ሥርዓት ላይ ያለኝ አክብሮት ትልቅ ነው። ‹እርቅ ደም ያድርቅ› ያሉት አባቶቻችን ብዙ ቤት ከመፍረስ አድነዋል። ግን በቆየው ደንብ ድንጋይ ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ በደጅ የሚንበረከከው በዳዩ ነበር፤ ድንጋዩን በተበዳይ ትከሻ ላይ የሚጭን ሽምግልና ከአባቶች አልተወረሰም። በተለይ ተበዳይዋ ሴት፣ ያውም ከዐረብ አገር የተመለሰች፣ ያላገባች እኅት ስትሆን ‹አንቺ ቻዪው› የሚለው ቃል ሲበዛ አያለሁ፤ እርሱን ‹አንተ መልስ› የሚለው ግን ሲጠፋ። ይህ ልማድ ክርስትናን መስሎ ይቅረብ እንጂ ክርስትና አይደለም።

ሽማግሌዎቹ መጽሐፍ ቅዱስ ንስሐንና የወሰዱትን መመለስን የሚለያይ ቢመስላቸው ዘኬዎስን ይመልከቱ። ጌታ ወደ ቤቱ በገባ ዕለት ቆሞ ማንንም በሐሰት ከስሼ ወስጄ እንደ ሆነ አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ፤ ‹ዛሬ ለዚህ ቤት መዳን ሆኖለታል› የሚለው ቃል የመጣው ከዚህ በኋላ ነው (ሉቃ. 19)። በኦሪት ዘኍልቍ 5፥7 ላይም በዳዩ ኃጢአቱን እንዲናዘዝ፣ የወሰደውንም አምስተኛ እጅ ጨምሮ ለበደለው ሰው እንዲመልስ ታዟል። ኑዛዜውና ክፍያው በአንድ ትእዛዝ ውስጥ ናቸው።

ለአንቺ ይበልጥ የሚቀርበው ግን ዮሴፍ ይመስለኛል፤ እርሱም በወንድሞቹ ተሸጦ በባዕድ አገር በሰው ቤት አገልግሏልና። ዮሴፍ የመጀመሪያ ልጁ ምናሴ ሲወለድ እግዚአብሔር መከራዬን ሁሉና የአባቴን ቤት አስረሳኝ ብሎ ነበር (ዘፍ. 41፥51)። ወንድሞቹ ገና አልመጡም፤ ይቅርታም አልጠየቁም፤ በዮሴፍ ልብ ውስጥ ግን አንድ ነገር ተፈትቶ ነበር። ሆኖም በራብ ምክንያት መጥተው በፊቱ በሰገዱ ጊዜ ዘልሎ አልተጠመጠመባቸውም። በክፉ ቃል ተናገራቸው፣ ሦስት ቀን አሰራቸው፣ ብንያምን እንዲያመጡ አደረገ፣ በመጨረሻም የብር ጽዋውን በታናሹ በብንያም የእህል ከረጢት አስደብቆ ፈተናቸው። በፊት ‹ኑ እንሽጠው› ብሎ የመከረው ይሁዳ ‹በብላቴናው ፋንታ እኔ ባሪያ ሆኜ ልቅር› ብሎ ሲቆም ነው ዮሴፍ ሊታገሥ ያልቻለው፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ አለቀሰ፣ ራሱንም ገለጠ (ዘፍ. 44-45)። ዮሴፍ በልቡ የተፈታው ቀድሞ ነው፤ ራሱን ገልጦ የሳማቸው ግን የወንድሞቹ መለወጥ ከታየ በኋላ ነው። በመካከሉ ያለፈውን ጊዜ ማንም ኃጢአት ብሎ አልጻፈበትም። እንዲያም ሆኖ ያዕቆብ በግብፅ 17 ዓመት ኖሮ ባረፈ ጊዜ ወንድሞቹ ‹አሁን ይበቀለናል› ብለው ፈሩ፤ ዮሴፍም ዳግመኛ አለቀሰ። ከወላጅ ሞት በኋላ የተዳፈነ ነገር እንደሚቀሰቀስ አንቺ አሁን እያየሽው ነው።

እንግዲህ ‹ይቅር ካልሁ ቤቴን ተውሁ ማለት ነው?› ላልሽው መልሴ አይደለም የሚል ነው። ወንድምሽ ክፉ እንዲያገኘው መመኘትን፣ በየደረስሽበት ስሙን ማጕደፍን፣ በልጆቹ ማዘን ሲገባሽ መጽናናትን ዛሬውኑ፣ እርሱ ምንም ሳያደርግ፣ በእግዚአብሔር ፊት ልትተዪ ትችያለሽ፤ ይህ በእጅሽ ያለ ነው፣ የታዘዝሽውም ይህ ነው። ሕመሙ ወዲያው ላይለቅሽ ይችላል፤ ‹የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም› የሚባለው ስለ ቂመኞች ብቻ አይደለም። ሕመሙ በተቀሰቀሰ ቍጥር ‹እንግዲያው ይቅር አላልሁም› ብለሽ አትደምድሚ፤ እንደገና ወደዚያው ጸሎት ተመለሺ። የቤቱ ጕዳይ ግን እውነት የመናገርና የመመለስ ጕዳይ ነው። አንድ ቀን ዐቅም አግኝተሽ፣ ማንም ሳይገፋሽ፣ ‹ይሁንለት› ብለሽ ልትሰጪው ትፈልጊ ይሆናል፤ ያ ስጦታ ነው፣ ዋጋውም ትልቅ ነው። በሙት ዓመት ድግስ ዋዜማ በሽማግሌ ጫና ከእጅሽ የሚወሰደውን ግን ማንም ስጦታ ብሎ ሊጠራው አይችልም።

ምናልባት ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 6 ክርስቲያኖች እርስ በርሳቸው በዓለማውያን ፊት መካሰሳቸውን መንቀፉን፣ ‹ብትበደሉ አይሻልምን?› ማለቱንም የሚጠቅስልሽ ይኖራል። እውነት ነው፣ ብሏል። ነገር ግን በ5ኛው ቍጥር በወንድሞች መካከል ሊፈርድ የሚችል አንድ ጠቢብ በመካከላችሁ የለምን ብሎ ይጠይቃል፤ እንግዲህ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነገሩን የሚያይ ሰው ሊኖር ይገባል ማለት ነው። በ8ኛው ቍጥር ደግሞ ፊቱን ወደ አታላዮቹ መልሶ እናንተ ትበድላላችሁ፣ ታታልላላችሁም፣ ያውም ወንድሞቻችሁን ይላቸዋል። 7ኛውን ቍጥር ለአንቺ ያነበበ ሽማግሌ 8ኛውን ለወንድምሽ ሊያነብለት ይገባል።

የንስሐ አባትሽን በተመለከተ፣ ያሉሽን ቃል እንደ ጭካኔ አትዪው። በቅዳሴ ዲያቆኑ ‹ጸልዩ በእንተ ሰላም ፍጽምት ወፍቅር፤ ተአምኁ በበይናቲክሙ በአምኃ ቅድሳት› (ስለ ፍጹም ሰላምና ፍቅር ጸልዩ፤ እርስ በርሳችሁ በተቀደሰ ሰላምታ ሰላም ተባባሉ) ሲል የምንሰማው ከቍርባኑ በፊት ነው፤ በቂም የተያዘ ሰው ያንን ሰላምታ ዘልሎ ወደ ቍርባን እንዳይደርስ መከልከላቸው ኀላፊነታቸው ነው። ነገር ግን በደብዳቤሽ እንዳስተዋልሁት የነገርሻቸው ‹ከወንድሜ ጋር ተጣልቻለሁ› የሚለውን ያህል ብቻ ይመስላል። ተመልሰሽ ሂጂ፤ ስለ ቤቱ፣ ስለ 9 ዓመቱ፣ በሚካኤል ደጅ ስለ ጸለይሽው፣ ስለ ልጁም ሁሉን ንገሪያቸው። በማቴዎስ 5፥23 መባውን በመሠዊያው ፊት ትቶ እንዲሄድ የታዘዘው ወንድሙ ‹በእርሱ ላይ አንዳች ነገር እንዳለው› ያሰበ ሰው ነው፤ በአንቺ ጕዳይ ይህ ትእዛዝ ከአንቺ ይልቅ አስቀድሞ የሚመለከተው ወንድምሽን ነው። ጳውሎስም ‹ቢቻላችሁስ በእናንተ በኩል ከሰው ሁሉ ጋር በሰላም ኑሩ› ሲል (ሮሜ 12፥18) በአንቺ በኩል ያለውንና በእርሱ በኩል ያለውን ለይቷል። አንቺ ቂምሽን ትተሽ፣ እርሱ ግን እውነቱን አልናገርም ብሎ ዕርቁ ቢዘገይ፣ ከሥጋ ወደሙ መራቅ አለብሽ ወይስ የለብሽም የሚለውን እርሳቸው እንጂ እኔ ከዚህ ሆኜ አልወስንልሽም። ሙሉውን ሰምተው የሚሰጡሽ ምክር ግን ከቀድሞው የተለየ ሊሆን እንደሚችል እገምታለሁ። የምትችዪ ከሆነም ወንድምሽን የሚያናዝዙት አባት ማን እንደ ሆኑ ጠይቂ፤ ሁለቱ አባቶች ቢገናኙ ሽማግሌዎቹ የሸሹት ነገር ሊነሣ ይችላል።

ስለ ሕጉ በአጭሩ። የላክሽበትን የሐዋላ ደረሰኝ፣ ከወንድምሽ ጋር የተጻጻፍሽውን መልእክትና የድምፅ ቅጂ ሁሉ ሰብስበሽ አስቀምጪ። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1195 መሠረት የባለቤትነት ደብተር የያዘ ሰው ባለቤት እንደ ሆነ ይገመታል፤ ስለዚህ የማስረዳቱ ሸክም በአንቺ ላይ ነው። በአንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረትን የሚመለከት ውል በጽሑፍ መሆንና በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት መመዝገብ አለበት፤ ሽማግሌዎች ፊት ‹እኩሌታውን እሰጣታለሁ› ብሎ በቃል ቢናገር ያ ብቻውን በቂ አይሆንልሽም። ሕጉ ለክስ የጊዜ ገደብ አለው፤ በመርሕ ከውል የሚመነጭ ክስ በ10 ዓመት ይታገዳል፣ ከዚህ የሚያጥሩም አሉ። ስለዚህ ክስ ለመመሥረት ባትወስኚም እንኳ ዘንድሮ አንድ የሕግ ባለሙያ አማክሪ። ይህን ማድረግ ከይቅርታሽ ጋር አይጣላም።

ሽማግሌዎቹ ሲመለሱ በአክብሮት ተቀበያቸው፤ ‹እኔ ወንድሜን ለእግዚአብሔር ሰጥቼዋለሁ፤ ክፉም አልመኝለትም፤ ለዕርቅ የምቀመጠው ግን ስለ ቤቱ በሚነገርበት ጉባኤ ነው› በያቸው። ቢቻል ከእነርሱ ጋር አንድ ካህን፣ ከአንቺም ወገን የሚቆም አንድ ሰው ይኑር። የሚስማሙበት ነገር ካለ ይጻፍ፤ ሁሉን ባንድ ጊዜ መመለስ ካልቻለም በየጊዜው እንዲከፍል ለመስማማት ፈቃደኛ ሁኚ። ያ በምሳሌው ውስጥ ያለው ሰው የለመነውም ይህንኑ ነውና፣ ወንድምሽ ‹ታገሺኝ› ካለሽ አንገቱን አትያዢ።

ሙት ዓመቱ የእናትሽ ነው፤ ልጇ ነሽና መቅረት የለብሽም። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን በሚደረገው ቅዳሴና ፍትሐት ላይ ተገኚ፤ የእናትሽን የክርስትና ስም አንቺም አስጠሪ፤ ዐቅምሽ የፈቀደውን ለነዳያን ስጪ። ወደ ቤቱ መሄድ ከቻልሽ ሂጂ፣ ከዘመድ ጋር ተቀመጪ፣ ወንድምሽ ሰላም ቢልሽ ሰላም በይው። ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ‹በሉ አሁን ተሳሳሙ› ብለው ቢያስቸግሩሽ ጉዳዩ በቀጠሮ እንደሚታይ ነግረሽ በትሕትና እንቢ ማለት ትችያለሽ። ያንን ቤት ማየት ራሱ ከዐቅምሽ በላይ እንደ ሆነ ከተሰማሽ ደግሞ ከቤተ ክርስቲያኑ ወደ ቤትሽ ተመለሺ፤ ለዘመዶችሽም ምክንያቱን አስቀድመሽ አስታውቂ።